በግል የሚሠራ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት እንዴት ይመረጣል? ከልኬት ሳይንስ አንጻር

አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ መጻፉ አንዳንድ አንባቢያንን ሊያስገርም ይችላል። ምክንያታችን ቀላል ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚደልቅበት፣ ከላቦራቶሪ መቅረት ያበዛ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነጋግረው ሐኪምን ሳይሆን በቅርብ የሚያገኘውን መምህር ነው። ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነው፦ «ጥሩ ሳይኮሎጂስት ያውቃሉ?» ይህች አጭር ጥያቄ በውስጧ ሁለት ጥያቄዎችን ይዛለች። አንደኛው «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚባለው ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ጥሩ መሆኑስ በምን ይታወቃል?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ባጭሩ፣ ሁለተኛውን ግን ሰፋ አድርገን እንመለከታለን። ሁለተኛው የልኬት ጥያቄ በመሆኑ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ስሙና ሙያው

ሳይኮሎጂ ከፊዚክስ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ የመጀመሪያው የሚባለውን የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ቪልሄልም ቩንት፣ ቀደም ሲል በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የሄርማን ሄልምሆልትዝ ረዳት ነበር። ሄልምሆልትዝ «ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለውን ሕግ ካቆሙት ሳይንቲስቶች አንዱ መሆኑን የፊዚክስ ተማሪዎች ያስታውሳሉ። የቩንት ተማሪ የነበረው አሜሪካዊው ላይትነር ዊትመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1896 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ተገልጋዮቹ አንዱ ፊደላትን አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው ተማሪ ነበር። «ክሊኒካል ሳይኮሎጂ» የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀውም ይኸው ዊትመር ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1907 ነው። እንግዲህ ሙያው ሲወለድም የተማሪን ችግር ለመፍታት ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በአገራችን «የሥነ ልቦና ባለሙያ» የሚለው መጠሪያ እጅግ ሰፊ ሆኗል። በሬዲዮ ስለ ትዳር የሚመክረውም፣ በአዳራሽ ተሰብሳቢውን የሚያነቃቃውም፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚያማክረውም በዚሁ ስም ይጠራል። ልዩነቱን ማወቅ ግን ገንዘብንም ጊዜንም ያድናል። ሳይካትሪስት በመጀመሪያ በሕክምና ዶክተርነት ተመርቆ በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ይህ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ግን የሕክምና ዶክተር አይደለም። ሳይኮሎጂን ከተማረ በኋላ በሁለተኛ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በክሊኒካል ዘርፍ የሠለጠነ፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር ሆኖ ታካሚዎችን ያየ፣ ምርመራና የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ነው። አማካሪ ወይም ካውንስለር በበኩሉ በትምህርት፣ በሥራና በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ ይረዳል፤ ለብዙ ተማሪዎች ችግር እርሱም ይበቃል። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ሰውን ለማከም የሚያበቃ ሥልጠና አይደለም። ይህም በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የራጅ መሣሪያ ልጠግን እንደ ማለት ነው፤ መሠረቱ አለ፣ እጁ ግን ገና አልተፈታም።

ስለዚህ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ የሚሄድ ሰው በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ነውር የለበትም፦ በምን ዘርፍና በየትኛው ደረጃ እንደ ተመረቁ፣ በሥልጠናው ወቅት የትና በማን ክትትል ሥር ታካሚ እንዳዩ፣ የሙያ ፈቃዳቸውን ማየት ይቻል እንደ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የድርጅቱ ፈቃድና የባለሙያው የግል የሙያ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

«እኔ ተሽሎኛል» የሚለው ምስክርነት

ብዙ ሰው ባለሙያ የሚመርጠው በሰው ምስክርነት ነው። «የአክስቴ ልጅ እርሳቸው ጋ ሄዳ ድና ተመልሳለች» ይባላል። ምስክሯ እውነተኛ ናት፤ በእርግጥም ተሽሏታል። ከዚህ ተነሥተን «ያዳኗት እርሳቸው ናቸው» ወደሚለው ድምዳሜ መሻገር ግን አንችልም። ለምን? ይህን ለመረዳት በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሙከራ እንመልከት።

72 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያለባቸውን ሁለት የመጫወቻ ዳይሶች ይጣል፤ ዳይስ ካልተገኘ ቁጥር የተጻፈባቸው የወረቀት ቁርጥራጮች ያገለግላሉ። የሁለቱ ድምር «የጭንቀት መጠን» ነው እንበል። አማካዩ 7 ነው። 11 ወይም 12 የወጣላቸው «ሕመማቸው የጠና» ስለሆኑ ለሕክምና ይመረጣሉ። የመከሰት ዕድሉ ከ36 ሦስት በመሆኑ ወደ 6 የሚጠጉ ተማሪዎች እንጠብቃለን፤ የእነዚህ አማካይ ከ11 በላይ ነው። አሁን ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ከረሜላ እንስጥና እንደገና እንዲጥሉ እናድርግ። አማካዩ ወደ 7 ይወርዳል! በመጀመሪያ 11 ከጣሉት መካከል በሁለተኛው ጊዜ ከ11 በታች የሚጥሉት በአማካይ ከ12 ሰዎች 11 ይሆናሉ። ከረሜላው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን «ፈወሰ» ማለት ነው። ከረሜላውን ያልበሉ ቢሆኑም ውጤቱ ያው እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ክስተት ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ፍራንሲስ ጋልተን የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያጠና ያስተዋለው ነገር ነው። የሰው ስሜት እንደ ዳይስ ሙሉ በሙሉ በዕድል አይወሰንም፤ ከሳምንት ሳምንት የሚዘልቅ ክፍል አለው። ስለሆነም የሚመለሰው በከፊል ነው። ነገር ግን ማናችንም ብንሆን እርዳታ የምንፈልገው ስሜታችን ደኅና በሆነበት ቀን ሳይሆን በጣም በከፋበት ቀን ነው። ከከፋው ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትንሽ የተሻለ ነው። በዚያ መካከል ያደረግነው ነገር ሁሉ፣ ሳይኮሎጂስት ጋ መሄድም ሆነ አገር ቤት ሄዶ መመለስ፣ ሊመሰገን የማይገባውን ምስጋና ሊያገኝ ይችላል።

የዘርፉ ሰዎች ይህን ችግር ራሳቸው አንሥተው ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1952 በለንደን ይሠራ የነበረው ሃንስ አይዘንክ 24 ጥናቶችን መርምሮ አንድ አስደንጋጭ ነገር ጻፈ። እንደ እርሱ አባባል ከታካሚዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት፣ የንግግር ሕክምና አገኙም አላገኙም፣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ይሻላቸዋል። ያነጻጸራቸው ቡድኖች በቅጡ የማይነጻጸሩ ነበሩ ተብሎ ክፉኛ ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው የማነጻጸሪያ ቡድን ያላቸው ጥናቶች እንዲበዙ ገፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሜሪ ሊ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 እንዲህ ያሉ ጥናቶችን በአንድነት አስልተው፣ የንግግር ሕክምና ያገኘ አማካይ ሰው ካላገኙት ሰዎች 75 በመቶ ከሚሆኑት የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ልዩነቱ 0.68 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ የኖርማል ሥርጭት ሠንጠረዥ ያለው ተማሪ 0.68 ወደ 75 በመቶ መመለሱን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ስሌቶች ይህን ቁጥር ዝቅ አድርገውታል። ዜሮ ግን አላደረጉትም። የንግግር ሕክምና ከረሜላ አይደለም።

በአማካይ የሚሠራ መሆኑ ከታወቀ የሚቀረን ጥያቄ፣ ይህ ባለሙያ ለዚህ ሰው እየሠራለት ነው ወይ የሚለው ነው። ወደ ዋናው ነጥባችን የሚያደርሰንም ይኸው ነው።

የሚለካና የማይለካ

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እጅግ ያስተምራል። 40 የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች (ግማሾቹ ፈቃድ ያላቸው፣ ግማሾቹ ሠልጣኞች) ከሚያዩዋቸው 550 ሰዎች መካከል የማን ሁኔታ እየከፋ እንደሚሄድ እንዲተነብዩ ተጠየቁ። እነርሱ 3 ሰዎችን ብቻ ጠቆሙ። በመለኪያ ሲታይ ግን በመጨረሻ የባሰባቸው 40 ሰዎች ነበሩ። ከተጠቆሙት ሦስቱ መካከል በእርግጥ የባሰበት አንዱ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ቸልተኞች ስለ ነበሩ አይደለም። ማንኛውም ሰው የራሱን ሥራ በዓይኑ ሲመዝን ሚዛኑ ወደ ራሱ ያዘነብላል። የላቦራቶሪ ተማሪዎቻችን ንባቡን «ከሚጠበቀው» ጋር ሲያስጠጉ በየሴሚስተሩ የምናየው ያንኑ ነው።

በሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ ጠዋት ጠዋት ከባልደረቦቹ ጋር ጉዳዮችን ይወያያል፤ የሚያርመው ሰው አለው። በግል ክሊኒክ የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። በሩ ሲዘጋ ከእርሱና ከታካሚው በስተቀር ማንም የለም። የግል አገልግሎት ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ጊዜ ይሰጣል፣ ወረፋው ያጥራል፣ ከዓይን ይሰውራል። ብቸኝነቱ ግን ድክመቱ ነው። በመሆኑም ባለሙያውን ስንመርጥ ከሁሉ አስበልጠን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «መሻሌን ወይም አለመሻሌን በምን ይለካሉ?» እና «ከባድ ጉዳይ ሲገጥምዎ ማንን ያማክራሉ?» ለመጀመሪያው «ልምዴ ይነግረኛል»፣ ለሁለተኛው «ማንንም» የሚል መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ዲግሪው ምንም ያህል ቢሆን ሁለተኛ እንድናስብበት ያስገድደናል።

መለኪያ ስንል ውድ መሣሪያ ማለታችን አይደለም። ለድብርት በሰፊው የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሲሆን 9 ጥያቄዎች ብቻ አሉት። እያንዳንዱ ጥያቄ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታል፤ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን በጥልቀት መመርመር እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል። ለጭንቀት ደግሞ 7 ጥያቄዎች ያሉት ጋድ-7 አለ። የፒኤችኪው-9 የአማርኛ ቅጂ በአዲስ አበባ ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። በገጠር ጤና ጣቢያዎች በተደረገ ሌላ ጥናት ግን የተሻለው መነሻ ነጥብ ከ10 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በአንድ ቦታ የተስተካከለ መለኪያ በሌላ ቦታ እንደገና መስተካከል አለበት። ስለዚህ መጠይቁ ብቻውን በሽታን አይወስንም፤ ውሳኔው የባለሙያው ነው። መጠይቁ የሚጠቅመው አንድን ሰው ከራሱ ጋር በየጊዜው ለማነጻጸር ነው።

እዚህም የመለኪያውን ስሕተት መርሳት የለብንም። የአንድ ተማሪ ነጥቦች በየሳምንቱ 17፣ 15፣ 16፣ 13፣ 12፣ 9 ሆኑ እንበል። ከ17 ወደ 15 መውረዱ ምንም አያስረዳም፤ ያን ያህል መዋዠቅ በማንኛውም ሰው ላይ ይታያል። በዚህ መጠይቅ ትርጉም አለው ተብሎ የሚወሰደው ለውጥ 5 ነጥብ ገደማ ነው። ስለዚህ እውነተኛ መሻሻል አለ ብለን መናገር የምንጀምረው 12 ላይ ስንደርስ ነው፤ 9 ሲመጣ ደግሞ እምነታችን ይጠነክራል። አንድ ንባብ ልኬት አይደለም ብለን የምናስተምረው ትምህርት እዚህም ይሠራል።

ከዘጠኙ ጥያቄዎች የመጨረሻው ግን ከስሌት ውጭ ነው። እርሱ የሚጠይቀው ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ ከ0 በላይ የሆነ መልስ ያለው ሰው አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሊጠብቅ አይገባውም፤ የግል ባለሙያ እስኪያገኝም ቢሆን መቆየት የለበትም። በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰው ተናግሮ፣ ከዚያ ሰው ጋር በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ጓደኛው እንዲህ ያለ ነገር የነገረው ተማሪም ምሥጢር ጠባቂነት በዚህ ቦታ እንደማይሠራ ይወቅ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ከባለሙያው ጋር የሚኖረው መግባባትም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 295 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንደሚያሳየው፣ በታካሚውና በባለሙያው መካከል ያለው መግባባት ከሕክምናው ውጤት ጋር ያለው ቁርኝት 0.28 ነው። ይህን በራሱ ብናባዛ 0.08 ይሆናል፤ ማለትም በውጤቶች መካከል ከሚታየው ልዩነት 8 በመቶውን ያህል ይገልጻል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ዘርፍ አንድ ነጠላ ምክንያት ይህን ያህል ድርሻ ሲይዝ ቀላል አይደለም። ከሁለትና ከሦስት ቀጠሮ በኋላም ባለሙያውን ማመን ካልተቻለ ይህንኑ ለራሳቸው መንገር፣ አልያም ሌላ መፈለግ አክብሮት ማጉደል አይደለም። በአገራችን ታላቅን ሰው «አልተግባባንም» ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን። ጥሩ ባለሙያ ግን ይህን ቃል መስማት የሥራው አካል መሆኑን ያውቃል።

ስለ ገንዘብም አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። በጥናት የተደገፉት የንግግር ሕክምና ዓይነቶች ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳሉ። የአንዱን ቀጠሮ ዋጋ በ12 አባዝቶ «እስከ መጨረሻው እችለዋለሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ በ3ኛው ቀጠሮ ገንዘብ አልቆ ከማቋረጥ ይሻላል። አቅም ለሌለው ተማሪ ዋጋ የሚቀንሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አይቀንሱም።

ምሥጢር ስለ መጠበቅ ሲነሣ ተማሪዎች የሚፈሩት ወሬውን ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለ ነበረ፣ ስሙ ራሱ በሰፈር ስድብ ሆኖ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። አንድ ሰው ባለሙያውን በመጀመሪያው ቀን «የነገርኩዎትን ለማን ይናገራሉ? በምን ሁኔታ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ትክክለኛው መልስ «ለማንም» አይደለም። የሕይወት አደጋ ሲኖር ባለሙያው ሊናገር እንደሚገደድ አስቀድሞ የሚያስረዳው ነው የበለጠ የሚታመነው።

ጥሩ ባለሙያ ከመጀመሪያው የአካል ጤናንም ይጠይቃል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባትና የደም ማነስ ድብርትንና ጭንቀትን ሊመስሉ ስለሚችሉ፣ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ሐኪም ይልካል። ጠበል ለሚጠመቅ ሰውም «ተው» አይለውም፤ ይልቁንም የታዘዘለት መድኃኒት ካለ እንዳያቋርጥ ይመክረዋል። በሳምንት እፈውሳለሁ የሚል፣ የንግግር ሕክምና ሰጪ ሆኖ ሳለ መድኃኒት የሚሸጥ፣ ወይም የሌሎች ታካሚዎችን ታሪክ በስማቸው የሚያወራ ግን በሩን ዘግተንበት ብንወጣ ምንም አይቀርብንም።

ባለሙያ በማይገኝበት ቦታ

የግል ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። ከዚያ ውጭ ያለ አንባቢ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች ባዘጋጀው መመሪያ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች አሉ። በዚምባብዌም በሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ መሪነት፣ ሠልጥነው በክሊኒክ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎችን የሚያነጋግሩ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች የድብርትን መጠን እንደሚቀንሱ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ የማነጻጸሪያ ቡድን ባለው ጥናት ታይቷል። በስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ፤ ከላይ ያነሣናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ለእነርሱም ይቀርባሉ።

ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄዱ ተማሪዎች ጉዳይ በመጠኑ ይለያል። በብሪታንያ «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት» የሚለው መጠሪያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ «ሳይኮሎጂስት» የሚለው ብቻውን ግን አይደለም። የባለሙያውን ስም በመንግሥታዊው መዝገብ ላይ ማንም ሰው ፈልጎ ማየት ይችላል። በአሜሪካ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ በኮምፒዩተር ሲታከሙም በአጠቃላይ የሚቆጠረው ታካሚው ተቀምጦ የሚገኝበት ግዛት በመሆኑ፣ በአንዱ ግዛት የተጀመረ ሕክምና ወደ ሌላው ሲዛወሩ ሊቋረጥ ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ማግኘት ካልተቻለ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ አስተርጓሚው ግን ዘመድ ባይሆን ይመረጣል።

ከ6 እስከ 8 ቀጠሮ ድረስ ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ ባለሙያውን «አሁን ምን እንለውጥ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዘዴው ሊለወጥ፣ መድኃኒት እንዲታከል ወደ ሳይካትሪስት መላክ ሊያስፈልግ፣ ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ መዛወር ሊመጣ ይችላል። በሚዛወሩበት ጊዜ እስካሁን የተመዘገቡትን ነጥቦች ከነቀናቸው ገልብጦ መውሰድ ይቻላል፤ ሁለተኛው ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከዚያ ሠንጠረዥ ይሆናል።